ስለ ውሻ ምርመራ የተጠራው ስብሰባ

ይህ ነገር መጻፍ ይገባዋል ወይ? እርግጠኛ አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ገና የመጀመሪያ ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ የጻፍኩትን ሁሉ የጻፍኩት አስተማሪ ስላዘዘኝ ነው፤ ይህን ግን ያዘዘኝ የለም፣ የሚያርምልኝም የለም። ደግሞስ ስለ ምን? ስለ አንድ ያረጀ ውሻ። ዓለም የሚያስለቅስ ወሬ ሞልቶት ሳለ ስለ ውሻ መጻፍ ቅብጠት ነው የሚለኝ ሰው ቢመጣ አልከራከረውም። ውሻውን ትቼ በጉዳዩ ውስጥ ስላለፉት ትልልቅ ሰዎች ብቻ ልጽፍም ሞክሬ ነበር። ከግማሽ ገጽ በላይ አልሄደልኝም። ውሻው ሲወጣ የሚቀረው በጣም ትንሽ ነው።

የአባቴ ታናሽ እህት ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ከእኛ ጋር ትኖራለች። ከእኛ ቀድማ የመጣች እሷ ናት፤ እኔና አባቴ ስንመጣ በአውቶቡስ እንዴት ወደ ሰብዌይ፣ ወደ ምድር ባቡሩ፣ እንደሚኬድ ያሳየችን እሷ ናት። የምትሠራው ኖርዝ ዮርክ ውስጥ በአንድ የሕክምና ምርምር ሕንፃ ነበር። እዚያ የልብ በሽታ ጥናት ይካሄድ ነበር፤ ጥናቱ የሚካሄደው ደግሞ በውሾች ላይ ነው። የእሷ ሥራ ውሾቹን መመገብ፣ ማጠብና ክፍላቸውን ማጽዳት ነበር። ስለ ሥራው ውጭ እንዳታወራ ፈርማለች፤ ሰው ሲጠይቃት "ጽዳት ነው" ብላ ትዘጋው ነበር።

ከውሾቹ አንዱን "ሽማግሌው" ትለው ነበር። ስም አይደለም፤ ስም አልነበረውም፤ ጆሮው ውስጥ ቁጥር ተነቅሶበታል። እሷ ሥራውን ስትጀምር እሱ እዚያ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ደረቱን ከፍተው ሰፍተውታል፣ ደግመው ከፍተው ሰፍተውታል። ጥናቱ ሲያልቅ ውሾቹ ምን እንደሚሆኑ ታውቃለች፤ አብዛኛውን ጊዜ በመርፌ ይገደላሉ፣ ከዚያ ልባቸው ተከፍቶ ይታያል። አክስቴ ከዚህ ሁሉ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሽማግሌውን ቤት መውሰድ።

እንስሳ ወዳድ እንዳትመስላችሁ። መንገድ ላይ ሰዎች ውሻቸውን በጋሪ ሲገፉ ስታይ ፊቷን ታዞራለች። "ውሻ ነው እንጂ ልጅ አይደለም" ትላለች። ስለ ሽማግሌው ግን የምትለው ሌላ ነው። "ሥራውን ጨርሷል። ጡረታ ይውጣ።"

ለአባቴ የነገረችው እራት ላይ ነው።

"ፎቅ ላይ ውሻ?" አላት። "ግቢ የለን፣ አጥር የለን። ምን ሊጠብቅልን ነው?"

"ምንም አይጠብቅም። ይተኛል።"

"መተኛት ብቻ?"

"አንተስ ጡረታ ስትወጣ ምን ልትሠራ ነው?"

አባቴ እየሳቀ ተሸነፈ። በሥራዋ ያሉት ኃላፊ ግን አልተሸነፉም። አክስቴ ስትጠይቃቸው፣ ጥናት ያለቀባቸውን ውሾች ለሰው ስጡ የሚል ደንብ እንደሌለ፣ ደንብ በሌለበት ደግሞ እሳቸው በራሳቸው መወሰን እንደማይችሉ በትሕትና ነገሯት።

የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት በውሾች ላይ ለሚደረግ ሙከራ የሕዝብ ገንዘብ እንዳይሰጥ የሚከለክል ረቂቅ ሕግ እንደቀረበለት የሰማነው በዚያ ሰሞን ነው። እዚህ ላይ የራሴን አቋም መናገር ያለብኝ ይመስለኛል። አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ነው። በየቀኑ የሚወጋው መድኃኒት እዚሁ ከተማ ውስጥ በውሾች ላይ ተሞክሮ የተገኘ መሆኑን ተምሬያለሁ። ስለዚህ በተመራማሪዎች ላይ ድንጋይ ለመወርወር እጄ አይነሳም። ሕጉ ይውጣ ወይስ ይቅር ብትሉኝ ዛሬም አጥርቼ አልመልስም። እኔ የናቅሁት ሌላ ነገር ነው።

አክስቴ ረቂቁን እንዳነብላት ጠየቀችኝ። "ገንዘቡ ሲቆም ውሾቹስ?" ነው ያለችኝ። ደጋግሜ አነበብኩት። ማን መክፈል እንደማይችል፣ ከመቼ ጀምሮ መክፈል እንደማይችል፣ ማን ለማን ሪፖርት እንደሚያደርግ በዝርዝር ተጽፏል። አሁን በየክፍላቸው ስላሉት ውሾች ግን አንድ ቃል የለም።

በዚያ ሴሚስተር ስለ መንግሥት አሠራር የሚያስተምር ኮርስ እወስድ ነበር። ረቂቅ ሕግ ወደ ኮሚቴ እንደሚሄድ፣ ኮሚቴው የሕዝብ አስተያየት እንደሚሰማ፣ በአስተያየቱ መሠረት ማሻሻያ እንደሚገባ ተምረናል። ፈተናው ላይም በትክክል መልሼዋለሁ። ስለዚህ ለአክስቴ አንድ ዓረፍተ ነገር ማስገባት እንደሚቻል ነገርኳት፤ አብረን ጻፍነው። "ጥናት የተቋረጠባቸው ውሾች ሊያሳድጓቸው ለሚፈልጉ ሰዎች ይሰጡ።" ከዚያ በላይ የሚፈለግ አልነበረም። ደንብ ይኖራል፤ ኃላፊዋም ደንብ አለ ብለው ይፈቅዳሉ፤ ሽማግሌው ይመጣል።

የወረዳችን ተመራጭ ደግሞ የየማኅበረሰቡን አስተያየት ለመሰብሰብ ረዳቱን እየላከ ነበር። ወደ እኛ፣ ወደ አበሾቹ ማኅበር ሲደርስ ሊቀመንበሩ በደስታ ተቀበሉት። ሊቀመንበሩ የታክስ ቢሮ ያላቸው፣ ከረባት የማይለያቸው ሰው ናቸው። በዚያ ዓመት የሚፈልጉት ለበጋው ፌስቲቫል የፓርክ ፈቃድ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ የተመራጩን ድጋፍ ይፈልጋሉ። ውሻ ቢሆን፣ ዓሣ ቢሆን፣ ስለ ጨረቃ የወጣ ሕግ ቢሆን አዳራሽ መሙላታቸው አይቀርም ነበር። የስብሰባውን ጥሪ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የመለሱት ራሳቸው ናቸው። በወረቀት አባዝተው፣ በማኅበሩ የስልክ ግሩፕ ላይም የለቀቁት እንዲህ ይላል፤

"መንግሥት ለውሻ ምርመራ የሚያወጣውን የሕዝብ ገንዘብ ለማቆም ረቂቅ ሕግ አዘጋጅቷል። ቅዳሜ መጥታችሁ ድምፃችሁን አሰሙ።"

ምርምር ሊሉ ፈልገው ምርመራ አሉ። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ሲያነብ የሚታየው አንድ ነገር ነው፤ አልጋ ላይ የተጋደመ ውሻ፣ አጠገቡ ልቡን የሚያዳምጥ ሐኪም፣ ሂሳቡን የሚከፍል መንግሥት።

ደወልኩላቸው። ለስብሰባው የትርጉም ሥራ በፈቃዴ የቀረብኩት እኔ ስለነበርኩ የመናገር መብት ያለኝ መሰለኝ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወረቀቱ ላይ 'ምርመራ' የሚለው 'ምርምር' ቢባል? ሰው ሕክምና እንዳይመስለው ብዬ ነው።"

"ልጄ" አሉኝ፣ "ሁለቱም 'መረመረ' ከሚለው ነው የሚመጡት። አንድ ናቸው።"

"ግን ጋሼ..."

"ደግሞ ተልኳል። የተላከ ነገር ተልኳል።"

እንደዚህ ዓይነት ሰው በምን ቃል ይከራከሩታል? አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ። እንዳልዘነጋ፣ በነጻ የማገለግልበትን የቮለንቲር ሰዓቴን የሚፈርሙልኝም እሳቸው ነበሩ።

አዳራሹ ኢስት ዮርክ ውስጥ፣ ከዳንፎርዝ መንገድ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሞላ። ወንበር አልቆ ሰው ግድግዳ ተደገፈ። ለአዲስ መጤዎች የሥራ ፍለጋ ትምህርት ሲሰጥ ግማሹ የማይሞላ አዳራሽ ነው። ረዳቱ ደረቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ፣ ሲሰማ ራሱን ቶሎ ቶሎ የሚነቀንቅ ወጣት ነው። አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ሰው በአማርኛ ሲናገር በጆሮው እየተረጎምኩ ልነግረው ነው።

የመጀመሪያውን ማይክ የተቀበሉት ፊት ረድፍ የተቀመጡ ከዘራ የያዙ አባት ናቸው። "እኔ ጉልበቴን የሚያይልኝ ሐኪም ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ እጠብቃለሁ" አሉ። "ቀጠሮ ሲሉኝ ቀጠሮ፣ ሪፈራል ሲሉኝ ሪፈራል። ለካስ ሐኪሞቹ ውሻ ሲመረምሩ ነው የከረሙት።"

አዳራሹ አጨበጨበ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ ማይክ ሳይጠብቁ ቀጠሉ። "እኔ ፋሚሊ ዶክተር የለኝም፤ ውሻው ግን አለው። አድራሻውን ስጡኝና በሱ ስም ልመዝገብ።"

"ሄልዝ ካርድ ይጠይቁሻል" አላቸው አጠገባቸው ያለ ሰው።

"እጮህላቸዋለሁ።"

ሳቁ ሲበርድ ሌላ ተነሳ፣ እሱም ስለ ጥርሱ ተናገረ። ሌላዋ የእናቷን ዓይን አመጣች። ችግራቸው እውነት ነበር፤ በሐኪም እጦት የሚሠቃይ ሰው ቤታችን ውስጥም አለ። ግን አንድም ሰው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድም ሰው፣ መንግሥት ውሻ ለምን ያሳክማል ብሎ አልጠየቀም። ሊያምኑት የፈለጉትን ነገር ወረቀት ላይ አገኙ፤ ከዚያ ወዲያ ማሰብ ምን ያደርጋል?

ረዳቱ ሁሉንም እንድተረጉምለት ጠየቀኝ። ተረጎምኩ። ከዚያም ወረቀቱ ላይ ስህተት እንዳለ፣ ሰዎቹ ውሾቹ የሚታከሙ እንደመሰላቸው፣ እየተሞከረባቸው እንደሆነ እንዳላወቁ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ወደ ድጋፍ የሚያደርሰው መንገድ ለየሰው ይለያያል አለኝ፤ ዋናው መድረሱ ነው። ከዚያ ማስታወሻው ላይ "ጠንካራ ድጋፍ" ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ማይኩን ለመንኩና ተሰጠኝ። በተቻለኝ ትሕትና፣ ወረቀቱ ላይ የወጣው ቃል ሊያሳስት እንደሚችል፣ ሕጉ የሚናገረው ሳይንቲስቶች በውሾች ላይ ስለሚያደርጉት ሙከራ እንደሆነ አስረዳሁ። ሳልጨርስ ሊቀመንበሩ ከመድረኩ በራሳቸው ማይክ ገቡበት።

"ልጆቻችን እዚህ አድገው አማርኛ ሊያርሙን መጡ" አሉ።

ሰው ሳቀ። እኔ እዚህ አላደግኩም። አሥረኛ ክፍልን አዲስ አበባ ጨርሼ ነው የመጣሁት፤ ይህንን ሊቀመንበሩ ያውቁታል፣ የአባቴን ፎርሞች የሞሉልን እሳቸው ናቸው። ሆኖም የሳቀ አዳራሽን የሚያስተካክል እውነት እስካሁን አላየሁም። ማይኩን መልሼ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ አክስቴ ተነሳች። በቀጥታ ከሺፍት ነው የመጣችው፤ ጃኬቷን እንኳ አላወለቀችም። ማይክ አልጠበቀችም።

"አልተሳሳተችም" አለች። "ማንም አያክማቸውም። ደረታቸው ይከፈታል።"

"አንቺ በምን አወቅሽ?" አሏት ባለ ከዘራው።

"የማጥባቸው እኔ ነኝ።"

ይህን ማለት አልነበረባትም። ፈርማለች። ግን አንዴ ከጀመረች የማትመለስ ሰው ናት። "ሕጉ ይውጣ አላልኩም፣ አይውጣም አላልኩም" አለች። "ሲወጣ ግን እነዚያ ውሾች ለሚወስዳቸው ሰው ይሰጡ የሚል ቃል ይግባበት። አንዱን እኔ እወስዳለሁ።"

"የት ልታደርጊው?" አሏት ባለ ከዘራው አባት።

"ቤቴ።"

"ውስጥ? ከሰው ጋር?"

"ከወንድሜ ጋር።"

"ወንድምሽ ምን አጠፋ?" አሉ የኋላዋ ሴትዮ፣ ያን ጊዜ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እውነት ለመናገር ቀልዱ ጥሩ ነበር። በሌላ ቀን፣ በሌላ ጉዳይ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ሊቀመንበሩ ሰዓት እንደሌለ አስታውቀው ቀጣዩን ተናጋሪ ጠሩ። ቀጣዩ ስለ ኢንሹራንስ ተናገረ።

ለረዳቱ አክስቴ ያለችውን ሁሉ፣ ዓረፍተ ነገር ሳልዘል ተረጎምኩለት። የእኛን ዓረፍተ ነገር ቀስ ብዬ ደገምኩለት፣ እንዲጽፈው። በጣም ያምራል አለ። ከዚያ አክስቴ የምትወደው የውሻ ዝርያ የቱ እንደሆነ ጠየቀኝ። እጁን አየሁት፤ እስክሪብቶው አልተንቀሳቀሰም።

መጨረሻ ላይ ሁሉም ከማኅበሩ ባነር ፊት ፎቶ ተነሱ። አክስቴ ወጥታ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆማ ነበር። እኔ ተከትያት ስወጣ "ጻፈው?" ብላ ጠየቀችኝ። እንዳልጻፈው ነገርኳት።

በሚቀጥለው ሳምንት ማኅበሩ ለተመራጩ ደብዳቤ ላከ፤ ሊቀመንበሩ ኮፒውን ግሩፑ ላይ ለቀቁት። ማኅበረሰባችን ረቂቁን ሙሉ በሙሉ ይደግፋል ይላል። ምኑን እንደሚደግፍ አይልም። የአክስቴ ዓረፍተ ነገር የለም። ቢሯቸው ሄጄ ስጠይቃቸው ወንበር ሰጡኝ፣ ሻይ ጋበዙኝ፣ ከዚያ ያ የግል ጉዳይ እንደሆነ፣ ማኅበር ደግሞ የግል ጉዳይ እንደማያቀርብ አስረዱኝ። የባለ ከዘራው አባት ጉልበት ግን የሕዝብ ጉዳይ ነበር።

"ደግሞ አስቢው ልጄ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የአበሻ ሴት ውሻ ቤቷ ልታስገባ ነው ብለን ለመንግሥት እንጻፍ? ይሄ ስማችንን ከፍ ያደርጋል?"

ሻዩን ጠጥቼ ወጣሁ። ምን እንደሚደግፉ ሳያውቁ የደገፉ ሰዎች ስም ከዚህ በላይ እንዴት ከፍ እንደሚል ግን እስካሁን አልገባኝም።

ማንኛውም ሰው ለኮሚቴው በጽሑፍ አስተያየት መላክ ይችላል። ይህም ኮርሱ ላይ አለ። በእንግሊዝኛ ጻፍኩት፣ በአክስቴ ስም፣ የምትሠራበትን ቦታ ሳልጠቅስ። እንደ ቤት ሥራ አርሜ፣ ደግሜ አርሜ ላክሁት። በዚያው ደቂቃ መልስ መጣ። ለሰጡን ጠቃሚ አስተያየት እናመሰግናለን ይላል። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ማን እንዳነበበው አላውቅም።

ከጥቂት ቀን በኋላ የተመራጩ ረዳት ደወለልኝ። አክስቴን ማግኘት ይፈልጋል። ዓረፍተ ነገሩ ደርሶታል ማለት ነው ብዬ እየሮጥኩ ነው የነገርኳት፤ ሺፍቷን ቀይራ መጣች። ምክር ቤቱ ፊት ለፊት ደረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። በገመድ የያዘው ውሻ አለ፤ የራሱ ውሻ ነው። ነጭ ነው፣ ፀጉሩ ተበጥሮ እንደ ሐር ያበራል፣ አንገቱ ላይ ስካርፍ ታስሮለታል። ከእኛ ኋላ ካሜራ የያዘች ልጅ ቆማለች።

አክስቴ ውሻውን አይታ እኔን አየችኝ። "ጠይቂው፣ ቃሉ ይገባል ወይ?"

ጠየቅሁት። በትዕግሥት አስረዳኝ። ረቂቁ የበጀት ጉዳይ ነው፤ የሚናገረው ስለ ሕዝብ ገንዘብ ነው እንጂ ስለ ውሾች አይደለም። ስለ ውሾች ምናልባት ወደፊት ሌላ ሕግ ይመጣ ይሆናል። ይህንን ለአክስቴ መለስኩላት።

"ስለ ገንዘብ ነው አለ?"

"አዎ።"

"ታዲያ ገንዘብ ይዞ ፎቶ ይነሳ።"

ቃል በቃል ተረጎምኩለት። ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነበር። እየሳቀ የውሻውን ገመድ ለአንድ አፍታ ያዥልኝ ብሎ ሰጣት፣ ስልኩን ከኪሱ ሊያወጣ። ውሻው ወደ እሷ ዞሮ ተቀመጠ። ጎንበስ ብላ ጆሮውን አገላብጣ አየች፤ ሁልጊዜ ሥራዋ ላይ የምታደርገው ነው። ልጅቷ ፎቶ ያነሳችው ያን ጊዜ ነው።

ፎቶው በማግስቱ በተመራጩ ገጽ ላይ ወጣ። ከሥሩ፣ በምርምር ሕንፃ ውስጥ ውሾችን የምትንከባከብ ደፋር ሴት ረቂቁን እንደምትደግፍ ተጽፏል። ማን ጠየቃት? አዳራሹ ውስጥ ይውጣም አይውጣም አላልኩም ስትል እኔ ራሴ ነኝ የተረጎምኩለት። ለረዳቱ ደውዬ እንዲያነሳው ለመንኩት። ስሟ አለመጠቀሱን፣ ፎቶውን ደግሞ ብዙ ሰው እንደወደደው ነገረኝ። ሊቀመንበሩም ግሩፑ ላይ ለቀቁት፤ "ኩራታችን" የሚል ጨመሩበት። እነዚያ ሲስቁባት የዋሉ ሰዎች በልብ ምልክት ሞሉት። የኋላዋ ሴትዮ ሳይቀሩ ጸሎት የሚያደርግ እጅ ላኩ።

ጋዜጠኞች ደግሞ ደፋሯ ሴት የምትሠራበት ሕንፃ የት እንደሆነ መጠየቅ ጀመሩ። ብዙም አልደከሙም። ከጥቂት ቀናት በኋላ አክስቴን ኃላፊዋ ጠሯት። ስለ ፊርማዋ ያባርሩኛል ብላ ነው የገባችው። አላባረሯትም። አልተቆጧትም። ለእሷ የነገሯት ጥናቱ ከክፍለ ሀገሩ ውጭ ወዳለ ሌላ ተቋም እንደሚዛወር ነው። እዚያ ገንዘቡን የሚያወጣው መንግሥት ሳይሆን ባለ ሀብት ስለሆነ ሕጉ ቢወጣም አይነካውም፤ ጋዜጠኛም በር አያንኳኳም። ውሾቹም አብረው ይሄዳሉ። ቀስ ብሎ ሊሆን የታሰበ ነገር ነበር፣ ከፎቶው በኋላ ግን መቆየት አይቻልም አሏት።

ስለ ሽማግሌው ጠየቀቻቸው። ኃላፊዋ ጠረጴዛውን እያዩ ነው የመለሱላት።

"እሱ ራሱ እኮ ነው ጥናቱ" አሏት።

ይህን የነገረችን ኮቷን ሳታወልቅ፣ በሩ አጠገብ ቆማ ነው። አባቴ ቀልድ ፈልጎ አጣ። ምሳሌ ልጥቀስ ብል እንኳ አላገኘሁም፤ ውሾች በሕዝብ ገንዘብ እንዳይሠቃዩ የተጻፈ ረቂቅ፣ ገና ሳይጸድቅ፣ አሁንም ኮሚቴ ውስጥ ተጋድሞ ሳለ፣ አንዱን ውሻ ጡረታ ሊወጣ ከተቃረበበት ቦታ አንስቶ በባለ ሀብት ገንዘብ ወደሚሠቃይበት ላከው። ይህንን ያደረገው ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት በቀለለኝ። ረዳቱ ክፉ አይደለም። ሊቀመንበሩ ክፉ አይደሉም። አዳራሹ ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም። የነበረው ነገር ከክፋት ያነሰ ነው፤ ለመጥላት እንኳ አይበቃም።

ረዳቱ ሕንፃው ውሾቹን ማስወጣቱን በሰማ ጊዜ መልእክት ላከልኝ። እንኳን ደስ ያላችሁ ይላል። ሊቀመንበሩ ግሩፑ ላይ "ድምፃችን ተሰማ" ብለው ጻፉ፤ የፌስቲቫሉ ፈቃድ መገኘቱንም በዚያው አበሰሩ። ውሾቹ የት ሄዱ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አላየሁም። እኔ ጻፍኩ። ውሾቹ ነጻ እንዳልወጡ፣ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ እየተጫኑ እንደሆነ በግልጽ አማርኛ፣ አንድም ቃል የማያሻማ አድርጌ ጻፍኩ። ሊቀመንበሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አጠፉት። ለብቻዬ ደግሞ "ልጄ፣ ደስታ አታበላሺ" የሚል ላኩልኝ። የቮለንቲር ሰዓቴንም በዚያው ቀን ፈርመው ሰጡኝ፣ ከሠራሁት አብልጠው።

ውሾቹ የሚጫኑበት ቀን አክስቴ አብሬያት እንድሄድ ጠየቀችኝ። መግባት ስለማይፈቀድልኝ ከሕንፃው ጀርባ፣ ከመጫኛው በር ማዶ ያለው የእግረኛ መንገድ ላይ ቆምኩ። በረዶው ግማሹ ቀልጦ ቆሽሿል። ነጭ ቫን ኋላውን ወደ በሩ አዙሮ ቆሟል፤ ውስጡ በየመደዳው የተደረደሩ ሳጥኖች አሉ።

ውሾቹን አንድ በአንድ አወጧቸው። ሌሎቹን ሹፌሩና አንድ ሠራተኛ እያነሱ አስገቧቸው። ሽማግሌው ትልቅ ነው፤ ደረቱ ላይ ያለው ስፌት ገና ስላልዳነ ማንሳት አልቻሉም፣ በራሱ እግር በመወጣጫው መግባት አለበት። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ውጭ ወጥቶ አያውቅም። አየሩን አሸተተ፤ ያን ቆሻሻ በረዶ አየ። ሹፌሩ በእንግሊዝኛ ጠራው፣ አፏጨለት፣ ገመዱን ሳብ አደረገ። ሠራተኛው ብስኩት አሳየው። ውሻው እግሩን ተክሎ እምቢ አለ። እኔ ማዶ ቆሜ፣ በሞኝነት፣ በቃ እምቢ ካለ ይተውታል ብዬ አሰብኩ።

ሹፌሩ አክስቴን ዞሮ አያት። ሁሉም ዞረው አይዋት። እሷ ጓንቷን አወለቀች፣ መወጣጫው አጠገብ ቁጭ አለች፣ በቀስታ ተናገረችው።

"ና። ግባ። አይዞህ።"

ገባ። ጅራቱን እየወዘወዘ ነው የገባው። ለካስ በዚያ ሁሉ ዓመት ያናገረችው በአማርኛ ብቻ ነበርና ሌላ ቋንቋ አያውቅም። እሷ ባትጠራው ማንም አያስገባውም ነበር።

ሹፌሩ ሳጥኑን ዘግቶ አመሰገናት። ምን ቋንቋ እንደሆነ ጠየቃት።

"የሱ ነው" አለችው።

ቫኑ ታጥፎ እስኪሄድ ቆመች። ከዚያ ወደ እኔ ተሻገረች። ከሥራዋ የወጣችውም ያን ዕለት ነው፤ የሚታጠብ ውሻ ስላልነበረ። በአውቶቡስ ወደ ቤት ስንመለስ ጓንቶቿን ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮት ታይ ነበር።